አንቀልባው፣ ከጅዳ የመጣው ማዘያ እና የአሥራ አንድ ሳምንቷ ልጅ

ጥያቄ

ሰላም እትዬ፣ እንዴት ነዎት? የምኖረው ደሴ፣ ሸዋ በር አካባቢ ነው። የመጀመሪያ ልጄን ከወለድኩ አሥራ አንድ ሳምንት ሆነኝ። ሴት ናት። በኦፕራሲዮን ነው የተገላገልኩት። የወሊድ ፈቃዴ እያለቀ ስለሆነ በቅርቡ ኮምቦልቻ ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ። ቀን ቀን አማቴ ይይዙልኛል።

ሰሞኑን ቤታችን ውስጥ በማዘያ ጉዳይ ጭቅጭቅ ተነስቷል። አማቴ ባለቤቴን ጨምሮ ስድስት ልጆች ያሳደጉበትን አንቀልባ ከሳጥን አውጥተው «በዚህ እዘያት» ይሉኛል። የባለቤቴ እህት ደግሞ ከጅዳ ዘመናዊ ማዘያ ልካለች። ደረት ላይ የሚታሰር ነው፤ ልጅቷ ፊቷን ወደ ውጭ አድርጋ ነው የምትቀመጥበት። በቪዲዮ በደወለች ቁጥር «ለምን አታደርጊላትም?» ትለኛለች። ባለቤቴም «እኔም ላዝላት» ይላል። እኔ የማውቀው እናቴ ያሳደገችን በነጠላ እንደሆነ ነው። ጎረቤቶቼ ደግሞ «እቅፍ አታስለምጃት፣ ኋላ ትቸገሪያለሽ» ይሉኛል። የቱን ልያዝ? ማንንም ማስቀየም አልፈልግም።

ግራ የገባት እናት፣ ከደሴ

መልስ

እህቴ፣ እንኳን በሰላም ተገላገልሽ። ልጅሽን ያሳድግልሽ።

ደብዳቤሽን ሳነብ ልቤ ቀድሞ የሄደው ወደ ልጅቷ አንገት ነው። የአማትሽ አንቀልባ ስድስት ልጅ ተሸክሟል፤ ክብር ይገባዋል። እህታችሁም ከሰው አገር፣ ከላቧ ቀንሳ ነው የላከችው። የእናትሽም ነጠላ እንደዚያው። ልጅቷ ግን ገና አሥራ አንድ ሳምንቷ ነው። የምንመርጠው ለእሷ ስለሆነ መልሴን ላስቀድምልሽ።

ለአሁኑ ጠንከር ባለ ሰፊ ጨርቅ ደረትሽ ላይ ያዣት፣ ፊቷን ወደ አንቺ አድርገሽ። ከጅዳ የመጣውንም መጠቀም ትችያለሽ፤ እሱም ቢሆን ፊቷ ወደ አንቺ ከዞረ ብቻ ነው። ወደ ውጭ ማዞሩ ለጊዜው ይቅር። አንቀልባው ደግሞ አንገቷ ጠንቶ፣ አምስት ስድስት ወር ሲሆናት ጊዜው ይደርሳል። እስከዚያ በክብር ይቀመጥ።

ለምን እንዲህ እንደምል ልንገርሽ። የመጀመሪያ ልጄ አራት ወር ቢሆነው ነው። ሰው ያመጣልኝ ማዘያ ነበረኝ። ፊቱን ወደ ውጭ አድርጌ ደረቴ ላይ አሰርኩትና ወደ ፒያሳ ወጣን። ያገኘኝ ሁሉ «ማሻ አላህ፣ ሲያምር!» ይለኛል። እሱ እግሩን ያወናጭፋል፣ መኪና ያያል፤ ደስ ብሎታል። እኔም ደስ ብሎኛል። ትንሽ እንደሄድን ዝም አለ። እንቅልፍ ወሰደው ብዬ እርምጃዬን ቀጠልኩ። በአጠገቤ ያለፉ አንዲት እናት ተመልሰው መጡና ምንም ሳይሉኝ እጃቸውን አገጩ ሥር ሰደዱ። አንገቱ ወደ ፊት ታጥፎ፣ አገጩ ደረቱ ላይ ተጣብቆ ነበር። ቀና ሲያደርጉት ረጅም ትንፋሽ ሳበና አለቀሰ። «ልጄ፣ ፊቱን ሳታዪው አትዘዪው» አሉኝ። ስማቸውን እንኳ ሳልጠይቃቸው ሄዱ። ይኸው ልጄ ዛሬ ከእኔ ይረዝማል፤ ያቺን ትንፋሽ ግን እስካሁን እሰማታለሁ።

የሕፃን ጭንቅላት ለሰውነቱ ከባድ ነው፤ አንገቱ ደግሞ ገና ለጋ ነው። የትንፋሽ ቧንቧውም ጠባብና ለስላሳ ነው። አገጩ ደረቱ ላይ ከወደቀ ቧንቧው ይጣመማል፣ አየር ያጥረዋል። አይፈራገጥም፣ አይጮኽም። ዝም ነው የሚለው። ክፋቱም እዚህ ላይ ነው፤ ዝም ያለ ልጅ ለእናቱ የተኛ ይመስላታል። የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2010 ዓ.ም. እንደ ከረጢት የሚንጠለጠሉ ማዘያዎችን በተመለከተ እናቶችን ያስጠነቀቀው በዚሁ ምክንያት ነው። በተለይ ከአራት ወር በታች ለሆኑ፣ ያለጊዜያቸው ለተወለዱና ክብደታቸው ዝቅ ላለ ሕፃናት ጥንቃቄው እጥፍ መሆን እንዳለበት ተናግሯል። ያንቺም ልጅ በዕድሜዋ እዚያ ውስጥ ናት።

ስለዚህ በምንም እዘያት፣ ፊቷ ሁልጊዜ ይታይሽ። አፍንጫዋ ደረትሽ ላይ ወይም ጨርቁ ላይ አይደፈቅ። ትንሽ ጎንበስ ብለሽ አናቷን መሳም ካልቻልሽ ዝቅ ብላለች ማለት ነው። አገጯና ደረቷ መሀል ሁለት ጣትሽ ይግባ። አንድ ሌላም መፈተኛ አለ፤ መዳፍሽን ጀርባዋ ላይ አድርገሽ ቀስ ብለሽ ተጫኛት። ወደ አንቺ የምትጠጋ ከሆነ ማሰሪያው ላልቷል፤ ልጅቷ ውስጥ ውስጡን ልትሸበሸብ ትችላለች። አጥብቂው። እናቶች ማጥበቅ እንፈራለን፣ የምናፍናት ይመስለናል። ልጅ የሚታፈነው ግን በአብዛኛው ሲላላ ነው።

ቀጥሎ ዳሌዋን እይ። በመጀመሪያዎቹ ወራት የጭን አጥንት ራስ የሚገባበት የዳሌ ጎድጓዳ ገና አልጠነከረም። እግሮቿ ቀጥ ብለው ወደ ታች ለረጅም ሰዓት ከተንጠለጠሉ መገጣጠሚያው በደንብ ላይቀመጥ ይችላል። እግሮቿ ተከፍተው፣ ጉልበቷ ከመቀመጫዋ ከፍ ብሎ፣ ጨርቁ ከአንዱ ጉልበቷ እጥፋት እስከ ሌላው ሲደግፋት ግን አጥንቱ ቦታውን ይዞ ያድጋል። እናቶቻችን ጀርባቸው ላይ እግር አስከፍተው ሲያዝሉን ሳያውቁት ለዳሌያችን ደግ እየዋሉልን ነበር። በተቃራኒው ጨቅላን እግሩን ቀጥ አድርጎ ጠፍንጎ መጠቅለል ጥሩ አይደለም። እሱን የምታደርጉ ከሆነ ተዉት፤ ከወገብ በታች ይላላላት።

ይህን ያነሳሁት በከንቱ አይደለም። የዳሌ ችግር በሴቶች ልጆች፣ በበኩሮችና በመቀመጫቸው በመጡ ሕፃናት ላይ በብዛት ይታያል። ያንቺ ልጅ ሴት ናት፣ በኩርም ናት። ኦፕራሲዮን የሆንሽው በመቀመጫዋ መጥታ ከሆነ ደግሞ ሦስቱም ተገጣጠሙ። አትደንግጪ፤ ብዙዎቹ ምንም ችግር የለባቸውም። በአሥራ አራተኛው ሳምንት ለክትባት ጤና ጣቢያ ስትሄጂ ግን «እባክዎ ዳሌዋን ይዩልኝ» በይ። ዳይፐር ስትቀይሪ አንዱ እግሯ እንደ ሌላው የማይከፈት ከሆነ፣ ወይም የጭኖቿ እጥፋት ግራና ቀኙ የማይመሳሰል ከሆነ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ሂጂ። ክትባቱን ስታነሺ አንድ ነገር ልጨምር፤ መርፌውን የምትወጋው ታፋዋ ላይ ነው። የዚያን ቀንና በማግስቱ የማዘያው ጠርዝ የተወጋችበትን እንዳይጫናት ተጠንቀቂ። ስታነሻት የምታለቅሰው አንዳንዴ ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ጅዳው ማዘያ ልምጣ። አውጪውና ጠረጴዛ ላይ ዘርጊው። መጀመሪያ መቀመጫውን እይ። ጠባብ ሆኖ በእግሮቿ መሀል ብቻ የሚያልፍ ከሆነ ልጅቷ በብልቷ ላይ ተቀምጣ እግሯ ይንጠለጠላል። እንዲህ ቢሆን እንኳ አይጣልም። አንድ ሻርፕ አጣጥፈሽ በመቀመጫዋ ሥር ከጉልበት እስከ ጉልበት አሳልፊውና ከማዘያው ቀበቶ ጋር እሰሪው፤ መቀመጫው ይሰፋላታል። ቀጥሎ የተሰፋበትን ምልክት ፈልጊ። ከስንት ኪሎ እስከ ስንት ኪሎ እንደሚይዝ ተጽፎበታል። ብዙዎቹ ከሦስት ኪሎ ተኩል ገደማ ይጀምራሉ፤ ያንቺው የሚለውን አንቺ አንብቢ። በአረብኛ ብቻ ከሆነ የሚያነብልሽ ሰው ደሴ ላይ አይቸግርሽም። ከዚያ ዘለበቶቹን አንድ በአንድ ቆልፊና በሙሉ ኃይልሽ ጎትቺ። «ጠቅ» የማይል ወይም የሚንቀጠቀጥ ዘለበት ካለ ለልጅ አይሆንም። ስፌቱንም ማንገቻው ከአካሉ በሚገናኝበት ላይ ገልብጠሽ እዪ።

ፊትን ወደ ውጭ ማዞር ለትልቅ ልጅ ነው፤ ስድስት ወር ገደማ ሞልቷት፣ አንገቷን ያለ ድጋፍ ስትይዝ። ያኔም ነቅታ ሳለች፣ ለአጭር ጊዜ ብቻ። ዐይኗ መክበድ ሲጀምር ወደ አንቺ መልሻት። ወደ ውጭ የዞረች ልጅ ፊቷን የምታሳርፍበት የላትም። ገበያ መሀል ጩኸቱ፣ ፊቱ፣ መኪናው ሁሉ ይመጣባታል፤ ዞራ ደረትሽ ውስጥ መደበቅ አትችልም።

ባለቤትሽ ማዘል መፈለጉ ደስ ብሎኛል። ማዘያው ይጠበዋል ብላችሁ አትስጉ፤ አብዛኛው ማንገቻና ቀበቶ ይረዝማል። ዋናው፣ እሱ ባሰረ ቁጥር ለራሱ ይለካው። ከአንቺ ረጅም ከሆነ ቀበቶውን ወደ እምብርቱ ከፍ ያድርገው፤ ያለዚያ ልጅቷ ዝቅ ብላ ሆዱ ላይ ትቀራለች። ደሴ ላይ አባት ልጁን ደረቱ ላይ አስሮ ሲሄድ ሰው ዞር ብሎ ያያል፤ እናውቀዋለን። ይይ። ማታ ማታ ለአንድ ሰዓት ያህል እሱ ቢይዛት አንቺ ተኝተሽ ታርፊያለሽ።

ጨርቁ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ አሁን ብዙ የምትጠቀሚበት እሱ ነው። ነጠላ ለልብ ይቀርባል፣ ግን ስስ ነው። ይሳባል፣ ቋጠሮው ይሸሻል፣ ጠርዙም ተጠቅልሎ ገመድ ይሆንና ትከሻሽን ይቆርጥሻል። የሚሻለው የማይለጠጥ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ነው፤ ወርዱ ሰባ ሳንቲ ሜትር አካባቢ፣ ርዝመቱ አራት ሜትር ተኩል። ሸማኔ ቢሠራልሽም ያምራል። የሚያብረቀርቅ ክር ያለው ጥለት ግን ፊቷን ይቧጭራል፣ ይቅር። ጫፉን ልብስ ሰፊ ያጣጥፍልሽ። ሁለት ጊዜ አጥበሽ ተጠቀሚበት፣ ለስለስ ይላል።

አስተሳሰሩን ልጻፍልሽ። የጨርቁን መሀል ደረትሽ ላይ አድርጊ። ሁለቱን ጫፍ በብብትሽ ሥር ወደ ኋላ ውሰጂ፣ ጀርባሽ ላይ አቆላልፊና በሁለቱ ትከሻሽ ወደ ፊት አምጪ። ደረትሽ ላይ ኪስ የመሰለ ቦታ ይቀራል። ልጅቷን ትከሻሽ ላይ አስደግፈሽ ቀስ እያልሽ ወደዚያ ኪስ አውርጃት። በሥሩ እጅሽን አስገብተሽ እግሮቿን አስተካክይ፤ ጨርቁን በመቀመጫዋ ሥር አሳልፈሽ እስከ ጉልበቷ እጥፋት ሳቢው። የላይኛው ጠርዝ አንገቷ ሥር ይድረስ፣ ፊቷን ግን አይሸፍን። አሁን ሁለቱን ጫፍ ተራ በተራ ጎትቺ፤ የላላው ሁሉ ተስቦ ይውጣ። ይህን ሳትጨርሺ አትቋጥሪ። በመጨረሻ ጫፎቹን በመቀመጫዋ ሥር አቆላልፈሽ፣ በእግሮቿ ሥር ወደ ጀርባሽ ወስደሽ ሁለት ጊዜ ቋጥሪው።

መጀመሪያ በእሷ አትለማመጂ። ልጅሽ በዚህ ዕድሜዋ አምስት ኪሎ ገደማ ትሆናለች። አምስት ኪሎ ጤፍ በከረጢት አድርገሽ፣ አልጋ ፊት ቆመሽ ሦስት አራት ጊዜ እሰሪው። ጤፉ የማይወርድ ከሆነ፣ ጎንበስ ስትዪ የማይንሸራተት ከሆነ፣ ያኔ ልጅቷን አንሺ። በመጀመሪያው ቀን ባለቤትሽ ከኋላሽ ይቁም። እጅሽ እስኪለምድ አንድ እጅሽ ከመቀመጫዋ ሥር አይጥፋ። የወደቀ ነገር ስታነሺም በጉልበትሽ ተቀመጪ እንጂ ከወገብሽ አትጎንበሺ።

የኦፕራሲዮን ቁስልሽን አትርሺ። ጨርቁ ከላይ ስለሚታሰር ጠባሳሽን አይነካም። የጅዳው ማዘያ ቀበቶ ግን ልክ ጠባሳሽ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ካመመሽ ከእምብርትሽ ከፍ አድርጊው፤ አሁንም ካመመሽ ይቆይ። ቦታው ከቀላ፣ ከሞቀ ወይም ፈሳሽ ካለው የማዘያውን ነገር ተይና ወደ ጤና ጣቢያ ሂጂ።

አንቀልባው! እኔ የአንቀልባ ጠላት አይደለሁም። ቆዳው ለፍቶ፣ ዳር ዳሩ በዛጎልና በጨሌ አጊጦ ሳይ ሁልጊዜ ልቤ ይሞላል። እግር ያስከፍታል፣ ልጁን ከእናቱ ጀርባ ጋር ያጣብቀዋል፣ ሁለት እጅም ይፈታል። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ጀርባ ላይ ያለች ልጅ ፊቷ አይታይሽም። አንገቷ ዘንበል ሲል የሚይዝላትም የለም። አንገቷ ሲጠና ግን ራሷን ቀና አድርጋ በትከሻሽ ላይ ዓለሙን ታያለች። ለዚህ ነው ጠብቂ የምልሽ። ጊዜው ሲደርስ ከፍ ተደርጋ ትታዘል፤ ፊቷ ጀርባ ላይ ተደፍቶ አይቅር። የላላ ጨሌ ወይም ዛጎል ካለ አስቀድማችሁ አጥብቃችሁ ስፉት ወይም አንሱት፤ ስድስት ወር የሆናት ልጅ ያገኘችውን ሁሉ አፏ ውስጥ ነው የምትከተው። በውስጡ የጥጥ ጨርቅ አንጥፉበት፤ ቆዳ ላብ አይመጥም፣ ለመታጠብም አይመችም።

ልጅቷን ይዘሽ ኮምቦልቻ የምትወርጂበት ቀን ካለ አንድ ነገር አለ፤ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደሽ የምታውቂው ነው። ከተሞቹ የሚራራቁት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ደግሞ ከስድስት መቶ ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። ጠዋት ደሴ ላይ በጋቢ ተጠቅልላ የወጣች ልጅ ኮምቦልቻ ስትደርስ በላብ ትጠመቃለች። ማዘያው ራሱ አንድ ልብስ ነው፤ የአንቺ ገላ ደግሞ ሌላ አንድ ልብስ። ስለዚህ ስታዝያት ከወትሮው አንድ ልብስ ቀንሽላት። እጇና እግሯ ቢቀዘቅዝ አትደንግጪ፤ ሙቀቷን የምታውቂው ማጅራቷን ስትነኪ ነው። እርጥብና ትኩስ ከሆነ በዝቶባታል። ከማዘያው ወጥቶ የሚቀረው እግሯ ስለሆነ ግን በደሴ ጭጋግና በክረምቱ ዝናብ ካልሲዋን ደርቢላት።

ብርድ ሲሆን፣ ወይም የሰው ዐይን እንዳያገኛት ብለን፣ ነጠላውን ፊቷ ላይ ጣል እናደርጋለን። እባክሽ ይህን ተይ። አናቷን ሸፍኚ፣ ማጅራቷን ሸፍኚ፣ ነጠላውን ከጀርባዋ በኩል አጥሪላት። ፊቷ በኩል ግን አየር የሚገባበት ክፍት ቦታ ይኑር።

ምጣድ ስትጥጂና ቡና ስታፈዪ ልጅቷ ከላይሽ ትውረድ። ደረትሽ ላይ ከሆነች አክንባሎው ሲነሳ እንፋሎቱ ፊቷ ላይ ነው የሚመጣው። ጀርባ ላይ ብትሆንም ጎንበስ ቀና ስትዪ ትጠጋለች፤ አንዱን ቀን እጇን ትሰዳለች። የከሰል ጭስም ለትንሽ ሳንባ መጥፎ ነው። ቡናው የሚፈላው በር ተከፍቶ፣ ልጅቷም ራቅ ብላ ይሁን። ይህን ለአማትሽም ንገሪ፤ ቀን ቀን ከእሷ ጋር የሚውሉት እሳቸው ናቸው።

ባጃጅና ሚኒባስ ውስጥ ጀርባሽ ላይ አዝለሽ አትቀመጪ። ወደ ኋላ ስትደገፊ የምትጫኚው እሷን ነው። ከመግባትሽ በፊት አውርጃትና ፊት ለፊት ያዣት። ደረትሽ ላይ ታስራ ከሆነም እንደ መኪና ቀበቶ አትቁጠሪው፤ ማዘያ ከአደጋ አያድንም። የመኪና ቀበቶንም በእሷ ላይ አሳልፈሽ አትሰሪ፤ መኪናው ቢላተም በመሀል የምትጨፈለቀው እሷ ናት። የግል መኪና የምትገቡ ከሆነ የልጅ መቀመጫ ይፈለግላት።

ከጎረቤት ልጆች መሀል ትልቅ የምትመስለውን «እስቲ ትንሽ እዘያት» ማለት በእኛ ሰፈር የተለመደ ነው። ያቺም ልጅ ናት። ብትይዛት ተቀምጣ፣ መሬት ላይ፣ በትልቅ ሰው ዐይን ሥር ትያዝ።

«እቅፍ አታስለምጃት» ለሚሉሽ ምን ትመልሻለሽ? እ.ኤ.አ. በ1986 ዓ.ም. ሞንትሪያል ከተማ፣ ካናዳ ውስጥ በተደረገ ጥናት፣ ከወትሮው ተጨማሪ የታቀፉ ሕፃናት በስድስተኛ ሳምንታቸው እንደ ወትሮው ከተያዙት በ43 በመቶ ያነሰ አልቅሰዋል። በኋላ የመጡት ጥናቶች ሁሉ ይህን ያህል ልዩነት አግኝተዋል ማለት ግን አይደለም፤ እውነቱን ለመናገር። ማቀፍ ልጅን አበላሸ ያለ ግን አላየሁም። ኮሎምቢያ፣ ቦጎታ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1978 ዓ.ም. የጨቅላ ሕፃናት ማሞቂያ መሣሪያ ያጠራቸው ሐኪሞች ያለጊዜያቸው የተወለዱትን ገላ ለገላ እናታቸው ደረት ላይ ማሰር ጀመሩ። ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት ያለጊዜያቸው ወይም ክብደታቸው ከ2.5 ኪሎ በታች ሆነው ለተወለዱ ሕፃናት ይህንኑ በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት ይመክራል። ያንቺ ልጅ ደህና ናት፣ ያን ያህል አያስፈልጋትም። በሦስተኛ ወር ያለች ልጅ ግን እናቷን ብትፈልግ አመል አይባልም። ደግሞም ወደ ሥራ ልትመለሺ ነው። ማታ ከኮምቦልቻ ስትመጪ ደረትሽ ላይ አድርገሽ ቤቱን ብትዞሪ ሁለታችሁም ቀኑን ሙሉ ያጣችሁትን ታገኛላችሁ። እዚያው ማጥባትም ትችያለሽ። ጠብታ ስትጨርስ ግን ወደ ላይ መልሻት፣ አገጯን ቀና አድርጊ፣ አስገሻት። ብዙዎቻችን የምንረሳው ይህችን ነው።

የቀረው አማትሽ ናቸው። እውነቱን ልንገርሽ፤ ከማዘያው ሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። «ሐኪም ከልክሏል» ብለሽ አትጀምሪ። እሳቸው ስድስት ልጅ አሳድገዋል፤ እንዲህ ያለ ቃል «አላወቁበትም» ማለት ነው የሚመስላቸው። ባለቤትሽ ባለበት፣ ቡና ላይ፣ አንቀልባውን ራስሽ አምጥተሽ ጭናቸው ላይ አስቀምጪው። «እማዬ፣ ይህ የልጄ ነው። አንገቷ እስኪጠና ላስቀምጠው፤ ያን ቀን መጀመሪያ የሚያዝሏት እርስዎ ነዎት» በያቸው። ከዚያ ማን ማንን እንዳዘለበት ጠይቂያቸው፤ ባለቤትሽን የት የት ይዘውት ይሄዱ እንደነበር። እሳቸው ሲያወሩ አዳምጪ። እስከዚያ ቀን ድረስ በጨርቁ ደረት ላይ እንዴት እንደሚታሰር አሳዪያቸው፤ አንዴ አይደለም፣ ሦስት አራት ቀን አብራችሁ እሰሩት። ጉልበታቸው ወይም ወገባቸው የሚያማቸው ከሆነም በግልጽ ጠይቂያቸው። የደከመ ሰው ከቁልቁለት መውረድ ይልቅ ቁጭ ብሎ ቢያቅፋት ይሻላል፤ በዝናብ ቀን ደግሞ ጨርሶ አዝለው ባይወጡ።

ለጅዳዋ እህትሽም ቪዲዮ ላይ ማዘያዋን አድርገሽ አሳዪያት። ልጅቷ ፊቷን ወደ አንቺ አድርጋ፣ እግሯ ተከፍቶ፣ ጉንጯ ደረትሽ ላይ። «ስድስት ወር ሲሆናት ወደ ውጭ አዞራታለሁ፣ ያኔ አንቺን ታይሻለች» በያት። ደስ ይላታል።

አንቀልባውን ወደ ሳጥኑ ከመመለስሽ በፊት ግን ጠፍሩን ከአማትሽ ጋር ሆናችሁ አንድ በአንድ ጎትቱት። ቆዳ ሳጥን ውስጥ ሲከርም ይደርቃል፤ ከውጭ ደህና መስሎ እጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል። የተሰነጠቀ ካገኛችሁ ከአሁኑ ለሚያውቅ የቆዳ ሠራተኛ ስጡት፤ ልጅቷ አንገቷን ቀና እስክታደርግ ገና ጊዜ አላችሁ።